ከግብሩ ገባሪውን ስለ ማወቅ

ፈጣሪ በፍጥረቱ፣ ሠሪ በሥራው ይታወቃል የሚለው ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በትርጓሜ ቤቶቻችን ሲነገር የኖረ፣ ዛሬም ስለ ሥነ ፍጥረት የሚያስተምር መምህር ሁሉ መነሻ የሚያደርገው ስለ ሆነ፣ ሰሚው ራሱን እየነቀነቀ ይቀበለዋል እንጂ፣ በሥራው የሚታወቀው ሠሪ እስከ ምን ድረስ እንደሚታወቅ፣ ማወቅ የሚያበቃበት ወሰን የት እንደ ሆነ፣ ከወሰኑም አልፎ የሚናገር ሰው ምን እንደሚያጠፋ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ትልቅ ስለ ሆነም በሰማይ ስፋትና በከዋክብት ብዛት ሲመረመር ዐይን በግርማው ስለሚፈዝ፣ መርማሪው የሚያደንቀውን ያህል አያስተውልም። ስለዚህ ጥያቄውን ዝቅ ወዳለ ስፍራ፣ ወደ አረም ቅጠል አውርጄ ልመረምረው እወዳለሁ፤ በዚያ ሠሪው ከዐይን የተሰወረ፣ ሥራው ግን በግልጥ ተጽፎ የሚነበብ ፍጡር አለና።

አውሮጳና የሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ የትውልድ አገሩ ሲሆን፣ ማረሻ በሄደበት ሁሉ ተከትሎ በመሄድ ዛሬ የእኛን ደጋ ጨምሮ ዓለምን ያዳረሰ፣ ግንዱ ሲቈረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እሾህ በሚመስል ጥርስ የተከበበ፣ ቢጫ አበባው ሲደርቅ ነጭ ጠጕር አውጥቶ በነፋስ የሚበተን፣ የሥነ ዕፅ ሊቃውንት ሶንከስ ብለው የሰየሙት የአረም ወገን አለ። በገበታችን የሚቀርበው ሰላጣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ገበሬ ነቅሎ ይጥለዋል፣ ከብት ይግጠዋል፣ ከዚህ የበለጠ የሚያከብረው የለም። የዚህን አረም ቅጠል ቀጥፎ በፀሐይ ፊት አንሥቶ ለተመለከተ ሰው ግን፣ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴው መካከል ከመርፌ ጫፍ ከማይበልጥ ነጥብ ተነሥቶ፣ እየተጠማዘዘና እየሰፋ፣ አንዳንድ ጊዜም የራሱን መንገድ እያቋረጠ የሚሄድ ነጭ መስመር ይታየዋል።

ቅጠል ለዐይናችን አንድ ገጽ ቢመስልም፣ ከላይና ከታች ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ቆዳ የተሸፈነ ሆኖ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ለምለሙን ሥጋ ይዟል፤ ይህን ሥጋ ብቻ እየበላ ቆዳዎቹን ሳይነካ የሚኖር ትንሽ እጭ በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ይፈለፈላል፣ በዚያው ያድጋል። እናቲቱ ርዝመቷ 2 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ዝንብ ናት፤ በሆድዋ ጫፍ ባለው መውጊያ ቅጠሉን ብዙ ቦታ ትበሳለች፤ ከቀዳዳዎቹ በጥቂቱ ብቻ ዕንቁላል ስታስቀምጥ ከቀሩት የሚወጣውን ጭማቂ ትጠጣለች፤ ወንዱም መውጊያ ስላልተሰጠው እርስዋ ከበሳችው ይጠጣል። እጩ እግር የለውም፣ ከገላው ተለይቶ የሚታወቅ ራስም የለውም። ቅጠሉ በብርሃን ፊት ተይዞ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ በአፉ ያሉት ጥቋቍር ሜንጦዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወናጨፉ ሥጋውን ሲፍቁት ይታያሉ፤ ከኋላውም ኵሱን አንድ ጊዜ በዚህኛው፣ አንድ ጊዜ በዚያኛው ጠርዝ በጥቃቅን ጥቋቍር ነጥቦች መልክ እየጣለ ያልፋል። መንገዱ እየሰፋ የሚሄደው እጩ እያደገ ስለሚሄድ ነው፤ ስለዚህ ያ ነጭ መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ፍጡር የሕፃንነት ታሪክ ሲሆን፣ የት እንደ ተወለደ፣ በየት በኩል እንደ ታጠፈ፣ የት ላይ ቆዳውን ለውጦ እንደ ጐለመሰ ሁሉ ተጽፎበት ይገኛል።

እንግዲህ ሠሪው ማን ነው? ቅጠልን በውስጡ እየቦረቦሩ የሚኖሩት ነፍሳት ከአራት ታላላቅ ክፍሎች የተውጣጡ ናቸው፤ እነርሱም ዝንቦች፣ የእሳት እራቶች፣ ጢንዚዛዎችና ከተርብ ወገን የሆኑ አንዳንዶች ናቸው። ሥራቸው እጅግ ጥንታዊ ነው። በሰሜን አሜሪካ ከ90 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆናቸው፣ በድንጋይ በታተሙ ቅጠሎች ላይ ይኸው ዐይነት መንገድ ተገኝቷል፤ የሠሪዎቹ ገላ ጠፍቶ ሥራቸው ቀርቷል ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ሬኦሚር ስለ ነፍሳት በጻፋቸው ሰፋፊ መጻሕፍት ውስጥ ስለ እነዚህ ፍጥረታት በሰፊው ተናግሯል፤ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤) ነገሩን ወደ ሙሉ ትምህርት ያደረሰው ግን ጀርመናዊው ማርቲን ሄሪንግ ነው። ይህ ሰው ከ1893 እስከ 1967 የኖረ ሲሆን፣ የሥራ ዘመኑን በበርሊን የሥነ ፍጥረት ቤተ መዘክር አሳልፎ፣ በ1951 ስለ ቅጠል ቦርቧሪዎች ኑሮ፣ በ1957 ደግሞ በአውሮጳ ቅጠሎች ላይ የሚገኙትን የቦርቧሪ መንገዶች ለይቶ ለማወቅ የሚያስችለውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ።

የሄሪንግ መጽሐፍ የተሰለፈው በነፍሳቱ ስም ሳይሆን በዕፅዋቱ ስም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። መርማሪው አስቀድሞ ቅጠሉ የምን ቅጠል እንደ ሆነ ካላወቀ ሁለተኛውን ገጽ መግለጥ አይችልም፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ነፍሳት አብዛኞቹ በአንድ የዕፅ ወገን ወይም በአንድ የዕፅ ቤተ ሰብ ብቻ ተወስነው የሚኖሩ፣ ከዚያም ውጭ ቢያስቀምጧቸው በረኀብ የሚሞቱ ስለ ሆኑ ነው። ዝንቢቱ ማን የማን ዘመድ እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ሶንከስን ትታ ሰላጣ ላይ የምታርፈው ዝንብ ሊቃውንት በአበባው ቅርጽ መርምረው የደረሱበትን ዝምድና በጣዕሙ ደርሳበታለች። ሰብልና አረም የሚለውን መለያየት ግን አታውቀውም። ይህ መለያየት የእኛ ነው፤ ከረኀባችንና ከድካማችን የተነሣ ስለ ሆነም አልነቅፈውም፤ ነገር ግን በፍጥረቱ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የተገኘ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ቅጠሉ የሶንከስ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ምርመራው ከምልክት ወደ ምልክት ይሄዳል። መንገዱ እንደ መስመር መሄዱን ትቶ ሰፊ ነጭ ጠባሳ ከሆነ ሊሪዮሚዛ ሶንኪ የተባለችው ዝንብ ትጠረጠራለች። የቅጠሉን መካከለኛ ጅማት ተከትሎ ወጥቶ በየጎኑ ጅማት አቅጣጫ ቅርንጫፍ ካወጣ ሊሪዮሚዛ ስትሪጋታ ትታሰባለች፤ ይህች ግን ብዙ ዐይነት ተክል የምትበላ ናት። መንገዱ በቅጠሉ ገጽ እንደ ልቡ የሚጠማዘዝ ቀጭን መስመር ሆኖ፣ እጩ በመጨረሻ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ወደ አፈር የሚወርድ ከሆነ ፊቶሚዛ ማርጊኔላ መሆኗ ይገመታል። እጩ ከቅጠሉ ሳይወጣ በዚያው በመንገዱ ጫፍ የሚለወጥ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ በቅጠሉ ታችኛ ገጽ ትንሽ እብጠት ትታያለች፤ በውስጥዋ የእጩ የመጨረሻ ቆዳ ደርቆና ጠንክሮ ቅርፊት ሆኖ ተቀምጧል፤ ከቅርፊቱም ጫፍ ሁለት ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀንዶች የቅጠሉን ቆዳ በስተው ወደ ውጭ ብቅ ብለዋል። ይህን በአጉሊ መነጽር አይቶ የማያደንቅ ሰው አለ ብዬ አላምንም፤ መውጫው ጊዜ እስኪደርስ የተከደነ ፍጡር መተንፈሻው አልተረሳለትምና።

ልናገረው የፈለግሁት ዋና ነገር የሚጀምረው ከዚህ ምልክት ነው። ይህን እብጠትና እነዚህን ቀንዶች የምትተወው ዝንብ ለረጅም ዘመን እንደ አንዲት ዝርያ ተቈጥራ፣ ጀርመናዊው ሜይገን በ1838 ባወጣው ስም ፊቶሚዛ አትሪኮርኒስ እየተባለች ስትጠራ ኖረች። ሃርዲ በ1849፣ ጉሮ በ1851 የየራሳቸውን ስም አውጥተው ነበር፤ ኋላ የመጡት ግን ልዩነት ስላልታያቸው ሁሉንም በአንዱ ስም ጠቀለሉት። በአተር ላይ፣ በጐመን ላይ፣ በሰላጣ ላይ፣ በየአትክልት ቤቱ በሚተከሉ አበቦች ላይና በሶንከስ ላይ የደረሰው ጉዳት ሁሉ በዚህች በአንዲት ዝንብ ስም ተጻፈ፤ ኑሮዋ፣ የመራቢያ ጊዜዋ፣ ጠላቶችዋና ማጥፊያዋ ሁሉ በእርግጠኝነት ተተረከ። በ1967 ግሪፍዝ የተባለ ሊቅ የወንዶቹን የመራቢያ አካል ከገላቸው ለይቶ፣ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ አመሳክሮ ሲመረምር፣ አንዲት የተባለችው ዝንብ ሁለት ዝርያ ሆና ተገኘች። የመጀመሪያዪቱ ፊቶሚዛ ሆርቲኮላ ከ30 በላይ በሆኑ የዕፅ ቤተ ሰቦች ላይ የምትኖር ናት፤ ሁለተኛዪቱ ፊቶሚዛ ሲንጄኔሲዬ ግን በአብዛኛው ሶንከስ፣ ሰላጣና ሱፍ በሚቈጠሩበት ቤተ ሰብ የተወሰነች ናት። የሜይገን ስም ከሁለቱ ለማንኛዪቱ እንደ ተሰጠ በእርግጥ ሊታወቅ ስላልቻለ ተተወ።

አሁንም ቢሆን በአተር ቅጠል ላይ ይህ ምልክት ሲገኝ ሆርቲኮላ ናት ማለት ይቻላል። በሶንከስ ቅጠል ላይ ሲገኝ ግን ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ መንገዳቸው አንድ ነው፣ አቀማመጣቸው አንድ ነው፣ ሴቶቻቸውም በእርግጥ አይለዩም። ያንን ቅጠል በብልቃጥ አኑሮ የሚጠብቅ መርማሪ ወንድ ከወጣለት ሆዱን በፖታሽ ውሃ አለስልሶ መርምሮ ስሙን ይጽፋል፤ ሴት ከወጣችለት ግን ከሁለቱ አንዲቱ ብሎ ጽፎ ከማቆም በቀር ሌላ የሚያደርገው የለም። ከ1967 በፊት ስለ አትሪኮርኒስ የተጻፈውን ያነበበ ሰውም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው ከአተር ላይ መሰብሰቡን ከተናገረ ነገሩ ይገመታል፤ ወንዱን በመርፌ ወግቶ በቤተ መዘክር አኑሮት ከሆነ ዛሬም ተመርምሮ ይረጋገጣል፤ ሁለቱንም ካላደረገ ግን ያን ሁሉ ትጋቱን ለየትኛዪቱ ዝንብ እንደምንሰጠው አናውቅም። ጸሐፊዎቹ ሐሰተኞች አልነበሩም፤ ዐይናቸውም የተሳለ ነበር። ጥፋታቸው ምልክቱ ከሰጣቸው በላይ መናገራቸው ነው፤ ከዚያ የተነሣም የተናገሩት እውነተኛው ነገር እንኳ ከማይታወቀው ጋር ተደባልቆ ቀረ።

በዚህ ስፍራ ጌታ በምሳሌ ያስተማረው የእንክርዳድ ነገር ይታሰበኛል። አገልጋዮቹ እንክርዳዱን ሊነቅሉ ፈቃድ ሲጠይቁ ባለ እርሻው የከለከላቸው እንክርዳዱን ወዶ አልነበረም፤ ሲነቅሉ ስንዴውን አብረው እንዳያጠፉ ነው። የአገራችን ገበሬ ይህን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል፤ እንክርዳድ እሸት እስኪይዝ ድረስ ስንዴ መስሎ እንደሚያድግ፣ ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላም ራስ እንደሚያዞር ያውቃልና። ሊቃውንት ምሳሌውን ስለ ጻድቃንና ስለ ኃጥኣን፣ ስለ ፍርድ ቀንና ስለ እግዚአብሔር ትዕግሥት ተርጕመውታል፤ ትርጓሜያቸውም የታመነ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ላይ ስለ ዕውቀት የተሰጠ ትእዛዝ እንዳለበት አምናለሁ። አገልጋዮቹ ታማኞች ነበሩ፣ ክፉና በጎ መኖሩንም በትክክል ዐውቀዋል፤ የጐደላቸው የመለያው ጊዜ አለመድረሱን ማወቅ ነበር። ምልክት ሳይሰጥ ለመለየት መቸኰል የሚለየውን ያጠፋል። ጐረቤታችንን በአንድ ቀን ሥራው፣ ያውም ሥራው በተወው ምልክት ብቻ፣ ስም ስናወጣለት የምንፈጽመው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሰዎች በየልባቸው እጅግ የተራራቁ ሆነው አንድ ዐይነት ምልክት ሊተዉ እንደሚችሉ አናስብም።

የትርጓሜ መምህሮቻችን አንድ ንባብ ሁለት ወይም ሦስት ፍች ሲኖረው፣ አንዱን መርጠው ሌላውን ከመጣል ይልቅ አንድም እያሉ ጐን ለጐን አስቀምጠው ለተማሪው ያስረክባሉ። ይህን ልማድ ከውጭ የሚመለከቱ አንዳንዶች ቍርጥ ያለ ሐሳብ እንደ ማጣት አድርገው ይነቅፉታል። እኔ የዕውቀት ጨዋነት ነው እላለሁ፤ በሴቲቱ ዝንብ ማኅደር ላይ ሁለቱን ስም ጐን ለጐን የሚጽፈው መርማሪ ሳያውቀው የእነዚህ መምህራን ደቀ መዝሙር ሆኗል። የእኛው ትምህርት ቤት ሌላም ሥርዐት አለው፤ ንባቡን ያልጨረሰ ተማሪ ወደ ትርጓሜ አይገባም። ይህን ሥርዐት በመጽሐፍ እንጠብቀዋለን፤ በፍጥረት ግን ብዙ ጊዜ ጥሰነዋል። ከግሪክ ወደ ግእዝ በጥንት ዘመን የተተረጐመው ፊሳልጎስ እንስሳትንና አዕዋፍን እየጠራ ምሥጢራቸውን ይተረጕማል፤ ፊንክስ የተባለው ወፍ ተቃጥሎ ከአመዱ እንደሚነሣ ነግሮ የትንሣኤ ምሳሌ ያደርገዋል። ትንሣኤው እውነት ነው፤ ወፉን ግን ያየ የለም። አባቶቻችን ለምሥጢር የነበራቸውን ናፍቆት አከብራለሁ፤ ነገር ግን በፍጥረት መጽሐፍ ንባቡ ሳይጠና ትርጓሜው ስለ ቀደመ፣ ዛሬ ልጆቻቸው ትርጓሜውንም ከተረት ጋር አንድ አድርገው ሲጥሉት እናያለን። የአንድን አረም ቅጠል በትክክል ማንበብ ለዚህ ሕመም መድኃኒት የሚሆን ይመስለኛል።

ንባቡ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ቅጠሉን በብልቃጥ ያኖረው መርማሪ ዝንብ ሲጠብቅ፣ አረንጓዴ ብረት የመሰለ ብልጭታ ያላት እጅግ ትንሽ ተርብ ልትወጣለት ትችላለች። ዲግሊፈስ የተባለችው ይህች ተርብ በቅጠሉ ቆዳ በኩል እጩን ወግታ ታደነዝዘውና ዕንቁላልዋን በጐኑ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ልጅዋም የማይንቀሳቀሰውን እጭ በልቶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ያስደንቃል። የቅጠሉ ቆዳ እየደረቀ ሲሄድ ጣራው በላዩ እንዳይጫነው፣ በሆዱ ያጠራቀመውን ኵስ በዙሪያው ከወለሉ እስከ ጣራው እያቆመ ጥቃቅን ምሰሶዎች ይሠራል፤ በምሰሶዎቹም መካከል ተኝቶ ይለወጣል። በ17ኛው መቶ ዓመት የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ያን ጉዳርት አባ ጨጓሬዎችን እያሳደገ ሲሥል፣ ከአንዱ ቢራቢሮ ከሌላው ተርብ ሲወጣ አይቶ፣ ሁለቱም የአንድ ፍጡር ልጆች መስለውት ነበር፤ በላተኛና ተበዪ መሆናቸው የታወቀው ኋላ ነው። ቻርልስ ዳርዊንም በ1860 ለአሜሪካዊው የሥነ ዕፅ ሊቅ ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ እንዲህ ያሉ በሌላ ፍጡር ሕያው ገላ የሚመገቡ ተርቦችን ቸር አምላክ አስቦ ፈጠራቸው ለማለት ልቡ እንዳልፈቀደለት ገልጧል።

ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልሱትን አላምናቸውም። ተርቢቱ ባትኖር ዝንቧ ቅጠሉን ሁሉ ትፈጀው ነበር ማለት እውነት ቢሆንም፣ ለሚበላው እጭ መልስ አይሆንም። ኢዮብም ስለ ሥቃዩ ሲጠይቅ የተሰጠው ምክንያት አልነበረም፤ የተሰጠው የአውሬዎችና የአዕዋፍ፣ የበረዶና የባሕር ትርኢት ነበር፤ የንስር ጫጩቶች ደም እንደሚጠጡ እንኳ ከዚያ አልተሸሸገም። በቅጠሉ ውስጥ ያየነው ምልክት ስለ ሠሪው ጥበብ ይመሰክራል፤ ስለ ምክሩ ሁሉ አይመሰክርም። ከምሰሶዎቹ ተነሥቶ ፈጣሪ ቸር ነው ብሎ የሚደመድመውም፣ ከተበላው እጭ ተነሥቶ ቸር አይደለም ብሎ የሚደመድመውም፣ ሁለቱ ከሴቲቱ ዝንብ ላይ የወንዱን ምልክት አነበብን የሚሉ ናቸው።

እንግዲህ ፍጥረት ስለ ፈጣሪው የሚሰጠን ምስክርነት ምን ያህል ነው? ሠሪ መኖሩን ይሰጠናል፤ ሥራው ሥርዐት ያለው መሆኑን ይሰጠናል፤ ጥበቡ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እስከማይሞላ ቅጠል ውስጥ፣ ማንም ሊያይለት ወደማይመጣ ስፍራ መድረሱን ይሰጠናል። ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ምስጋና ይበቃል። የባሕርዩን ነገር ግን አይሰጠንም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም እግዚአብሔር በግብሩ ይታወቃል፣ በባሕርዩ ግን አይመረመርም ስትል ይህንኑ ወሰን መትከልዋ ነው። ምሳሌ ዘየሐጽጽ እንደሚባለው ምሳሌው ከሚመሰልለት እጅግ ያነሰ መሆኑን ዐውቄ በፍርሃት እናገራለሁ፤ የቅጠሉ ጸሐፊ ማንነት በእርግጥ የሚታወቀው ራሱ ከቅጠሉ ሲወጣ ብቻ ነው፤ መርማሪው ምንም ያህል ቢተጋ ከመንገዱ ብቻ አያገኘውም። ክርስቲያንም የአምላኩን ስምና ፍቅር ያወቀው ሰማይን መርምሮ ስለ ጨረሰ አይደለም፤ ማንም ያላየውን አብ ወልድ ሥጋ ለብሶ ስለ ገለጠው ነው። ስለዚህ ሥነ ፍጥረትን የሚያጠና ምእመን ከፍጥረት የማይገኘውን ከፍጥረት ለማውጣት አይገደድም፤ እምነቱ በቅጠሉ ላይ ስላልተንጠለጠለ ቅጠሉን እንዳለ ለማንበብ ከማንም ይልቅ ነጻ ነው። ይህን ነጻነት በሚገባ የተጠቀምንበት አይመስለኝም።

ይህ ጥናት ለእንጀራ ምን ይረባል የሚል ቢኖር መልስ አለው። በ1917 ከፔሩ በመጣ ናሙና የተገለጸችው ቱታ አብሶሉታ የተባለች የእሳት እራት፣ በ2006 በስፔን ታይታ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቈዩ ወደ አገራችን ገብታ የቲማቲም ማሳችንን ቅጠል እየቦረቦረች ብዙ አርሶ አደር አስለቅሳለች፤ ቲማቲሙ በተነቀለ ጊዜም አውጥን በመሰሉ ዘመዶቹ ላይ መኖር ትችላለች። የአረሙን ቅጠል የማያነብ የማሳውን ጠላት ከየት እንደምትመጣበት አያውቅም። ይህ መልስ እውነት ቢሆንም በእኔ ዘንድ ሁለተኛ ነው። አዳም እንስሳትን እንዲሰይም በገነት ሲታዘዝ የሚጠቅሙትን ብቻ ለይቶ እንዲሰይም አልተነገረውም፤ ያ ሥራም ገና አልተፈጸመም።

የአገራችን ዕፅዋት በ1980 ተጀምሮ በ2009 በተፈጸመው፣ 8 ቅጽ ባለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ተመዝግበዋል፤ ስለዚህ ሄሪንግ መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ የቅጠሉ ስም፣ በእጃችን አለ። በአመድማዶ፣ በቱልት፣ በአውጥና በመጭ ቅጠሎች ውስጥ የተጻፈውን ማንበብ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን የተገባ ሥራ ነው፤ ከየአብነት ትምህርት ቤቱ የሚወጡ፣ ዐይናቸው በጥቃቅን ምልክት ንባብ የሠለጠነ ወጣቶችም ቢተባበሯቸው እወዳለሁ። ስለዚህ አንባቢዬን የምለምነው ይህን ነው፤ በእንዲህ ያለ ቅጠል ላይ ነጩን መንገድ ስታገኝ ቀጥፈህ በወረቀት መካከል አድርቀው፣ የአረሙን ስም፣ የቦታውንና የቀኑን ነገር ጻፍበት፤ ሌላውን ቅጠል በብልቃጥ አኑረህ የሚወጣውን ጠብቅ፤ ወንድ ከወጣ ለሚመረምረው አስረክብ፣ ሴት ከወጣች ሁለቱን ስም ጻፍ፣ ምንም ካልወጣ የስሙን ቦታ ባዶውን ተወው፤ በኋላ የሚመጣው ይሞላዋል።